የአንድ ወንበር ዋጋ፤ የትንበያ ገበያ ስለ ኮንግረስ ምርጫ ምን ይነግረናል?

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 ወንበሮች በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። የምርጫው ቀን በተቃረበ ቁጥር ከሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ጎን ለጎን «ገበያው ለእገሌ 63 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል» የሚል ወሬ ይሰማል። ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እምነት ሊጣልበት እንደሚገባ በአጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትንበያ ገበያ የሚሸጠው ውል ነው። ውሉ ለምሳሌ «በዚህ ወረዳ ዴሞክራቶች ያሸንፋሉ» ይላል። ካሸነፉ የውሉ ባለቤት 1 ዶላር ይከፈለዋል፤ ከተሸነፉ ምንም አያገኝም። ውሉ በ63 ሳንቲም ከተሸጠ፣ ገዢና ሻጭ የተገናኙበት ግምት 63 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው። የሁለቱ ፓርቲዎች ውሎች ዋጋ ሲደመር ከ100 ሳንቲም ሊያልፍ ይችላል። አንዱ 66፣ ሌላው 39 ቢሆን ድምሩ 105 ስለሚሆን፣ 66ን ለ105 አካፍሎ ወደ 63 በመቶ መመለስ ያስፈልጋል።

ይህ 63 በመቶ የድምፅ ድርሻ አይደለም። በጥናት 52 ለ48 የሚመራ ዕጩ የማሸነፍ ዕድሉ ከ52 በመቶ እጅግ ሊልቅ ይችላል። «ማሸነፉ አይቀርም» ማለትም አይደለም፤ መቶ ተመሳሳይ ውድድሮች ቢኖሩ 37ቱን ይሸነፋል ማለት ነው። በ2022 በዋሽንግተን ግዛት 3ኛ ወረዳ፣ በገበያ ሳይሆን በስታቲስቲክስ ስሌት ይተነብይ የነበረው ፋይቭ ሰርቲ ኤይት 2 በመቶ ዕድል ብቻ የሰጣቸው ማሪ ግሉዘንካምፕ ፔሬዝ አሸንፈዋል።

ሕጉም ረጅም መንገድ ተጉዟል። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ገበያውን ሲጀምር ዓላማው ምርምር ነበር። ካልሺ የተባለው ኩባንያ ኮንግረሱን የትኛው ፓርቲ እንደሚቆጣጠር የሚያገበያይ ውል ሲያቀርብ፣ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2023 ከለከለው። ኩባንያው ከሰሰ፤ በመስከረም 2024 የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ምርጫ በሕጉ አነጋገር «ቁማር» አይደለም ብሎ ፈረደለት። ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን አነሳ።

እኔ በሕግ ሙያዬ የገበያን ዋጋ የማየው ጥቅም እንዳለው ምስክር ቃል ነው። ገንዘቡን ያስያዘ ሰው ከወሬኛ ይልቅ ይጠነቀቃል። ይሁን እንጂ ምስክሮቹ ስንት ናቸው? በፕሬዚዳንት ምርጫ ገበያ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይንቀሳቀሳል። በአንድ ወረዳ ገበያ ግን ተገበያዩ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ገዢ 55 ሳንቲም እያቀረበ ሻጭ 70 ከጠየቀ፣ እውነተኛው ግምት በመሐል የትም ሊሆን ይችላል። ገበያው ቀጭን ሲሆን አንድ ባለገንዘብ ዋጋውን ገፍቶ «እጩዬ እየመራ ነው» ሊያስብል ይችላል።

የውሉ ቃልም መነበብ አለበት። በ2020 በአዮዋ 2ኛ ወረዳ 400,000 ገደማ ድምፅ ተሰጥቶ ልዩነቱ 6 ድምፅ ብቻ ነበር። ግዛቱ የማሪያኔት ሚለር ሚክስን አሸናፊነት ቢያጸድቅም፣ ተፎካካሪያቸው ሪታ ሃርት አቤቱታቸውን ለምክር ቤቱ አቅርበው በመጋቢት 2021 ነው ያነሱት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 5 የአባላቱን ምርጫ የመዳኘት ሥልጣን ለምክር ቤቱ ራሱ ይሰጣልና። ታዲያ ውሉ የሚከፈለው ግዛቱ ሲያጸድቅ ነው ወይስ ተመራጩ ቃለ መሐላ ሲፈጽም?

የአንድ ወረዳ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የጸደቀውን ኤች ሬስ 128 ከደገፉት አንዱ የኮሎራዶ 6ኛ ወረዳ ተወካይ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት አውሮራ በዚያ ወረዳ ውስጥ ነበረች። ኮፍማን በዚያው ዓመት ኅዳር ተሸነፉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የወረዳ ቁጥር ሲነገርህ ምን ያህል ገንዘብ እንደቆመበት፣ በገዢና በሻጭ መካከል ያለው ክፍተት ስንት እንደሆነና ውሉ በማን ውሳኔ እንደሚዘጋ ጠይቅ። በተለይ ውጤቱ ከዋጋው ሲለይ «ምርጫው ተሰረቀ» ለማለት አትቸኩል። የ37 በመቶ ዕድል መፈጸሙ የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የሚገኘው ከድምፅ ቆጠራው መዝገብ ነው።