የመኖሪያ ቤት ግንባታ፣ ማስፋፊያ እና የግንባታ ፈቃድ

በከተማ ክልል ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤት የሚሠራ፣ ነባር ቤቱን የሚያሰፋ ወይም የሚያሻሽል፣ እንዲሁም የቤቱን አገልግሎት የሚለውጥ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። የዚህ ግዴታ መሠረት የተጣለው በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲሆን፣ አፈጻጸሙ በደንብ ቁጥር 243/2003 ተዘርዝሯል። አዋጁ በዋናነት የተቀረፀው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። በአነስተኛ ከተሞች የሚኖሩ ባለይዞታዎች ክልላቸው የደነገገውን ከማዘጋጃ ቤቱ ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።

ብዙ ባለጉዳዮችን ለኪሳራ የሚዳርገው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታን ከግንባታ ፈቃድ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ በግል የሚያዘው የመጠቀም መብትና በመሬቱ ላይ የተሠራው ንብረት ነው። ካርታው ባለይዞታው ማን እንደሆነ፣ የቦታውን ስፋትና ወሰን ያሳያል። በዚያ ቦታ ላይ ምን ዓይነት ቤት፣ ከወሰን ምን ያህል ርቆና እስከ ምን ከፍታ ሊሠራ እንደሚችል የሚወስነው ግን የከተማው ፕላን ነው። በሊዝ ቦታ የወሰደ ሰውም ቢሆን የሊዝ ውሉ ከፈቃድ ጥያቄ ነጻ አያደርገውም። እንዲያውም ውሉ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ስለሚወስን፣ የፈቃዱን ሂደት ሳያዘገዩ መጀመር ለእንዲህ ያለው ባለይዞታ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ዲዛይን ማሠራት ሳይሆን የፕላን ስምምነት መጠየቅ ነው። የፕላን ስምምነት ማለት የታሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር የሚጣጣም መሆኑን የሚመለከተው አካል አስቀድሞ የሚገልጽበት ሰነድ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ይመራሉ። በእነዚህ ፕላኖች የወደፊት መንገዶች፣ አረንጓዴ ቦታዎች፣ የመኖሪያና የንግድ አካባቢዎች ተለይተው ይቀመጣሉ። ዛሬ በአጥር ውስጥ ያለ ግቢ ከፊሉ በፕላኑ ላይ መንገድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቦታውን በዓይን በማየት የሚታወቅ አይደለም። ስምምነቱን ሳይጠይቅ ለአርክቴክትና ለመሐንዲስ ክፍያ ፈጽሞ የመጣ ባለጉዳይ ዲዛይኑን እንደገና ለማሠራት ሁለተኛ ወጪ ያወጣል። መሠረት ቆፍሮ ከሆነ ጉዳቱ ከዚያም ይከፋል።

ለፈቃድ የሚቀርበው የዲዛይን ዓይነት በሕንፃው ምድብ ይወሰናል። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በማለት በሦስት ይከፍላል። ቀላል የሚባሉት መኖሪያ ቤቶች በምድብ «ሀ» ይወድቃሉ። በመዋቅር አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ሲበልጥ ወይም ፎቁ ሲጨምር ሕንፃው ወደ ምድብ «ለ» ያልፋል። ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ የሆኑ ሕንፃዎችና የሕዝብ መገልገያዎች ምድብ «ሐ» ናቸው። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቁት የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ዲዛይኖችም ሆነ የባለሙያዎቹ ደረጃ ከፍ ይላል። ባለአንድ ወለል ቤት ሠርቶ ወደፊት ፎቅ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ይህን ለመሐንዲሱ ከጅምሩ መንገር ይኖርበታል፤ ለአንድ ወለል የተሰላ መሠረት ሌላ ወለል እንዲሸከም ማድረግ በኋላ ላይ አስቸጋሪና ውድ ነውና።

በተግባር ከፍተኛ ጥያቄ የሚነሣው በአነስተኛ ሥራዎች ላይ ነው። በግቢ ውስጥ የሚጨመር ሰርቪስ ቤት፣ የግንብ አጥር እንዲሁም በመንገድ በኩል ግድግዳ ተከፍቶ የሚሠራ ሱቅ አነስተኛ ቢመስሉም የፈቃዱ አካል ሊያውቃቸው የሚገቡ ሥራዎች ናቸው። ሱቁ በተለይ የአገልግሎት ለውጥን ያስከትላል። የግንባታው ቁስ ከእንጨትና ከጭቃ መሆኑም ግዴታውን አያስቀርም። «የጨረቃ ቤት» የሚለው ስያሜ በሌሊት ተሠርተው ለሚያድሩ ቤቶች የተሰጠ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሕጋዊ አላደረጋቸውም። በአንጻሩ ቀለም መቀባት፣ የተሰበረ መስተዋት መተካት ወይም የበር ቁልፍ መለወጥ የሕንፃውን መዋቅር አይነካም። በሁለቱ መካከል ላለው እድሳት፣ ለምሳሌ ለጣሪያ ቅያሪ፣ ከተሞች የራሳቸው የእድሳት ፈቃድ አሠራር ሊኖራቸው ስለሚችል ወረዳውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) ነዋሪዎች ሁኔታ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤቱ ባለቤት የራሱ ቤት ባለቤት ሲሆን፣ እንደ ደረጃ፣ ጣሪያና የሕንፃው ተሸካሚ አካላት ያሉት ግን የጋራ ናቸው። በመሆኑም ኮለን የሚነካ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ወይም በረንዳ የሚዘጋ ሥራ የአንድ ነዋሪ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነዋሪዎች ማኅበሩ ይሁንታና የፈቃድ ሰጪው አካል ውሳኔ ያስፈልገዋል። በታችኛው ወለል የፈረሰ ግድግዳ ጉዳቱ የሚታየው ከላይ ባሉት ቤቶች ላይ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለፈቃድ ሰጪው አካል ማሳወቅ ያስፈልጋል። የጸደቀው ዲዛይን ቅጂ በግንባታው ቦታ ሊቀመጥ ይገባል፤ ተቆጣጣሪው ሥራውን የሚያመሳክረው ከእርሱ ጋር ነው። ፍተሻው ትርጉም የሚኖረው የሚታይ ነገር ሳይሸፈን ሲደረግ ስለሆነ፣ የመሠረቱ ቁፋሮና የብረት አሠራሩ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መታየት አለባቸው። እንደ አዳማና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኙና ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ በዲዛይኑ የተመለከተውን ብረት «ለቁጠባ» መቀነስ የቤተሰቡን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። በሥራ ሂደት ከጸደቀው ዲዛይን የሚለይ ማናቸውም ለውጥ ሲያስፈልግ የማሻሻያ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል።

የጎረቤት መብትም መዘንጋት የለበትም። ከወሰን አጠገብ የሚደረግ ቁፋሮ የአጎራባቹን ቤት መሠረት እንዳያናጋ ጥንቃቄ ማድረግ የገንቢው ኃላፊነት ነው። የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድና የጣሪያ ውኃ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርዱ ሆነው መሠራት አለባቸው። በውጭ አገር የሚኖርና ቤቱን በዘመድ የሚያሠራ ባለይዞታ ማመልከቻውን በተወካዩ በኩል ማቅረብ ሲችል፣ ውክልናው በተገቢው መንገድ የተረጋገጠና የግንባታ ፈቃድ መጠየቅን በግልጽ የሚያካትት ቢሆን ሥራው አይስተጓጎልም።

ያለ ፈቃድ የተጀመረ ግንባታ እንዲቆም፣ እንዲስተካከል ወይም እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል። ባይፈርስም እንኳ ችግሩ በሽያጭ፣ በውርስ፣ በባንክ ብድር ወይም በካሳ ጊዜ ይነሣል፤ በሰነድ ላይ የሌለ ክፍል ዋጋ ሲተመን አለመግባባት ይፈጥራል። እንዲህ ያለ ቤት በእጁ ያለ ባለይዞታ ተጨማሪ ሥራ ከመሥራቱ በፊት ያለበትን ሁኔታ ለፈቃድ ሰጪው አካል አቅርቦ መመሪያ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ የሕንፃ ሹሙ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በቃል ብቻ የተመለሰ አመልካች የጽሑፍ መልስ የመጠየቅ መብት አለው። ምክንያቱ የሚስተካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከወሰን የተተወው ርቀት አጭር ከሆነ ወይም የመጸዳጃ ቤት ካልተካተተ፣ ዲዛይኑ ታርሞ እንደገና ይቀርባል። በውሳኔው የማይስማማ አመልካች ደግሞ የሹሙን የጽሑፍ ውሳኔ፣ የፕላን ስምምነቱንና ያቀረበውን ዲዛይን አያይዞ በአዋጁ ለተቋቋመው የይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።