ቴክኖሎጂ በጀማሪ ጠበቃ ሥራ

የጀማሪ ጠበቃ ቴክኖሎጂ የሚባለው የጥብቅና ፈቃድ በቅርቡ ያወጣ ባለሙያ ሕግ ለመፈለግ፣ ቀጠሮ ለመያዝ፣ አቤቱታ ለመጻፍና የደንበኛን ምስጢር ለመጠበቅ የሚገለገልበት መሣሪያ ነው። ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ያሳስባል። በቤንች ሸኮ ዞን፣ በሸዋ ቤንችም ሆነ በሚዛን አማን፣ የሚሠራ ጠበቃ ከዋና ከተማው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው ክልሉም መሥሪያ ቤቶቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ አከፋፍሏል።

የሰበር ውሳኔ ፍለጋ

በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ በወረዳ ፍርድ ቤት የቀረበ የቡና መሬት ክርክር አዲስ አበባ በተሰጠ ውሳኔ ሊወሰን ይችላል። ውሳኔዎቹ በቅጽ ታትመዋል፤ በፒዲኤፍም ይገኛሉ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ቅጾቹን አስቀድሞ ስልክና ኮምፒዩተር ላይ አውርዶ መያዝ ከማንኛውም ውድ ፕሮግራም ይጠቅማል።

ፍለጋው ግን ቀላል አይደለም። «ሕግ» ብሎ የፈለገ «ህግ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «ሰበር» እና «ሠበር»፣ «ፍርድ ቤት» እና «ፍ/ቤት» እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ባሉ ቀደምት ፊደላት የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለኮምፒዩተሩ የላቲን ምልክት ነው፤ ተፈልጎ አይገኝም። ስካን የተደረገ ገጽም ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን ቃል በየአጻጻፉ መሞከር፣ ካልሆነም የቅጹን ማውጫ በዓይን ማንበብ ግድ ይላል። ችሎቱ የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ስለሚችል የተገኘው ውሳኔ በኋለኞቹ ቅጾች አለመሻሩ መረጋገጥ አለበት።

ቀጠሮና የጊዜ ገደብ

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ ነው (አንቀጽ 323)። ጊዜው ካለፈ የጠበቃው ጥፋት እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም (አንቀጽ 326)፤ ጠበቃው ሲረሳ ከሳሪው ደንበኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የስልክ ካላንደር ነው። ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀጥር ስልኩ በፈረንጆቹ ይቆጥራል። መስከረም 1 ቀን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች በ12 ዋለ። «ከጠዋቱ 3፡00» የተባለውም በስልኩ 9፡00 ነው። ይህን በራሱ የሚያሰላ የኢትዮጵያ ካላንደር መጫን ይቻላል፤ ያም ሆኖ የወረቀት አጀንዳ አብሮ መያዝ የሚያሳፍር አይደለም።

የደንበኛ ምስጢር

በፍርድ ቤት አካባቢ ባለ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማስጻፍ የተለመደ ነው። ፋይሉ ግን እዚያው ማሽን ላይ ይቀራል፤ ፍላሹም ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም። ቢያንስ ፋይሉን ማጥፋትና የደንበኛን ሰነድ በቴሌግራም ቡድን አለመላክ ያስፈልጋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በ2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውን የሌሉ ውሳኔዎች የጠቀሱ ጠበቆች 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በአማርኛም የሌለ የሰበር መዝገብ ቁጥር በልበ ሙሉነት ሊጽፍ ይችላል። ቁጥሩን ከመጥቀስ በፊት ቅጹን ከፍቶ ውሳኔውን ማንበብ የጠበቃው ፈንታ ነው።