የቆቃ ግድብና ያልተቈጠረው ደለል

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ዕቅድ በተነሣ ቊጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው የሜጋዋቱ ብዛት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት ስለ አፈር ለመናገር አስበናል። አንባቢ ይህን ከርእስ እንደ መውጣት እንዳይቈጥርብን የቆቃን ታሪክ ከመነሻው እናስረዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር። አከፋፈሉ ብዙ ካከራከረ በኋላ በ1956 ስምምነት ተደረገና ገንዘቡ በአዋሽ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ግድብ ዋለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመውም በዚሁ ዓመት ነው። ግድቡ በ1960 ሲያልቅ 43.2 ሜጋዋት የሚያመነጭ ሆነ።

የዕቅዱ ብልኅነት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ይወርዳል፥ በበጋ ግን ይቀጥናል። ቆቃ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ በልክ ይለቀዋል። የተለቀቀው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ በ1966 ሥራ የጀመረውን አዋሽ ሁለትን፥ ቀጥሎም በ1971 የተጨመረውን አዋሽ ሦስትን ያንቀሳቅሳል። እነዚህ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ሲያመነጩ የራሳቸው ትልቅ ማጠራቀሚያ አላስፈለጋቸውም፤ የላይኛው ሐይቅ ይበቃቸዋልና። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያው ውሃ የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ጥቂት ገንዘብ ለነበራት አገር ከዚህ የተሻለ አሠራር ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለናል።

ነገር ግን ሦስቱም ጣቢያዎች በአንድ ሐይቅ ላይ ተንጠልጥለዋል። ወደዚህ ሐይቅ አዋሽና ሞጆ የሚያመጡት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከታረሰው ተዳፋት የታጠበውን አፈርም ይዘው ይገባሉ። በእርግጥ መሐንዲሶች ለደለል የሚሆን ቦታ ከውሃ መውጫው በታች ይተዋሉ። ችግሩ ደለሉ ወደ ተተወለት ቦታ ብቻ አለመሄዱ ነው። ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳልና ከባዱን አሸዋና አፈር እዚያው አፉ ላይ ይጥለዋል። ይህም ለበጋ የሚቀመጠውን ውሃ ቦታ ይሻማል። በክረምትማ ውሃ ሞልቷል፤ ጉዳቱ የሚሰማው በሚያዝያና በግንቦት ነው። አንድ ሐይቅ ሲጠብ ሦስት ጣቢያ ይደክማል፤ ጎርፉን የሚይዝለት ቦታ የሚቀንስበት የቆላው ገበሬም ሌላ ተጎጂ ነው። ከቆቃ በፊት በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ሐይቅም በደለል ተቸግሯል።

የወንዙ ልክ ሲጠና የገበሬው ማሳ በዕቅዱ ውስጥ አልገባም። ምክንያቱ ባለማወቅ አይመስለንም፤ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል የግብርና ሥራ፥ ተርባይን መትከል ደግሞ የመብራት ሥራ ተብሎ በመከፈሉ ነው እንላለን። በእኛ አስተያየት የሞጆ ተፋሰስ እርከን ወጪ ከግድቡ ሲሚንቶ ጋር በአንድ ሂሳብ መግባት ነበረበት።

ጉዳዩ የቆቃ ብቻ አይደለም። ከ1958 ጀምሮ የአሜሪካ ባለሙያዎች ያጠኑትና በ1964 የታተመው የዓባይ ጥናት በዋናው ወንዝ ላይ አራት ግድቦችን አሳይቶ ነበር፤ ከነዚህ አንዱ በጠረፍ አጠገብ የታሰበው ነው። በዚያው አካባቢ በ2011 የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቆ 5150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተዘጋጅቷል፤ ይህም የአዋሽ ሦስቱ ጣቢያዎች ድምር 48 እጥፍ ያህል ነው። በየክረምቱ ዓባይን የሚያደፈርሰው የጎጃምና የወሎ አፈር ከእንግዲህ የሚያርፈው በዚህ ሐይቅ ውስጥ ነው።