ሻለቃ ቻርለስ ኬሊ፦ ለቁስለኞች የተሰዉት የሄሊኮፕተር አዛዥ

ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው፣ ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በጦር ሜዳ ደሙ የሚፈስ ቁስለኛም ሕይወቱ የሚተርፈው ሐኪም እጅ ፈጥኖ ሲገባ ነው። በቬትናም ጦርነት ይህን ጉዞ ለማሳጠር ሲታገሉ ካለፉት አንዱ አሜሪካዊው ሻለቃ ቻርለስ ኬሊ ናቸው።

የጆርጂያ ግዛት ተወላጁ ኬሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእግረኛ ወታደርነት ተሰልፈዋል። በጥር ወር 1956 ዓ.ም የ57ኛው የሕክምና ሄሊኮፕተር ቡድን አዛዥ ሆኑ። ቡድኑ በ1954 ዓ.ም በአምስት ሄሊኮፕተሮች ቬትናም የገባ ሲሆን፣ የሬዲዮ መጠሪያው “ደስት ኦፍ” ነበር። በእያንዳንዱ ሄሊኮፕተር ላይ ሁለት አብራሪዎች፣ አንድ የሕክምና ባለሙያና አንድ የበረራ መካኒክ ይሳፈሩ ነበር።

ኬሊ አዛዥ በሆኑበት ወቅት ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ብርጋዴር ጄኔራል ጆሴፍ ስቲልዌል ሄሊኮፕተሮቹ ለሌላ የጦር ሥራም እንዲውሉ፣ ቀይ መስቀሉም ተለጣፊና ተነቃይ እንዲሆን ፈለጉ። ኬሊ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ጥይት ወይም ስንቅ ለማድረስ የሄደ ሄሊኮፕተር ቁስለኛ ሲጠራ አይገኝም፤ ስለዚህ ለቁስለኛ የተመደበው ለቁስለኛ ብቻ መዋል አለበት የሚል አቋም ነበራቸው።

አቋማቸውንም በሥራ ለማሳየት በሩዝ እርሻዎችና በወንዞች ወደተሞላው የሜኮንግ ደልታ ወርደው፣ በሶክ ትራንግ ሰፈሩ። ሌሊት ሌሊት በጦር ሰፈሮች ላይ እየዞሩ፣ ቁስለኛ ይኖር እንደሆነ በሬዲዮ ይጠይቁ ነበር። በዚያ ዘመን በጨለማ እንዲህ መብረር የተለመደ አልነበረም።

ሰኔ 24 ቀን 1956 ዓ.ም በቪን ሎንግ አቅራቢያ ቁስለኞችን ለማንሣት ዝቅ እንዳሉ የተኩስ እሩምታ ወረደባቸው። በምድር ያሉት ወታደሮች ቦታውን ለቅቀው እንዲሄዱ በሬዲዮ አስጠነቀቋቸው። የኬሊ መልስ አጭር ነበር፤ የምሄደው ቁስለኞቻችሁን ስይዝ ነው አሉ። ወዲያው በተከፈተው የሄሊኮፕተሩ በር የገባ ጥይት ልባቸውን መታ። ሄሊኮፕተሩ ተከሰከሰ፤ አብረዋቸው የነበሩት ተጎድተው ቢሆንም ተረፉ። ኬሊ 39 ዓመታቸው ነበር።

ከሞታቸው በኋላም የአየር አምቡላንሶቹ ለቁስለኛ ብቻ ተመድበው መሥራታቸውን ቀጠሉ። በእርሳቸው ሥር ያገለገሉት አብራሪ ፓትሪክ ብሬዲ ታኅሣሥ 27 ቀን 1960 ዓ.ም በአንድ ቀን ሦስት ሄሊኮፕተሮችን እየቀያየሩ 51 ቁስለኞችን አወጡ፤ ለዚህም የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። በጦርነቱ ዘመን በሄሊኮፕተር አምቡላንስ የተጓጓዙት ወታደሮችና የቬትናም ሲቪሎች ቁጥር ወደ 9 መቶ ሺህ ይጠጋል።

የአሜሪካ ጦር የቁስለኛ ሄሊኮፕተሮች ዛሬም “ደስት ኦፍ” ተብለው ይጠራሉ። የኬሊ የመጨረሻ መልስም ለአብራሪዎቻቸው የሥራ መመሪያ ሆኖ ቀርቷል።