የዋጃ ሜዳና ባለ አንድ ማርሿ ሳይክል

ዋጃ በዜና የምትነሣው በሁለት ነገር ነው፤ በወሰን ክርክር ወይም በተኩስ። ስለ ማንነቷና ስለ አስተዳደሯ የተጻፈው ቢሰበሰብ ወፍራም ጥራዝ ይወጣዋል። ሰዎቿ ከቤት ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ገበያ በምን እንደሚሄዱ ግን የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። መልሱ ግን መቶ ዓመት ወደ ኋላ፣ ከዚያም አልፎ ጣሊያንና ፈረንሳይ ድረስ ይወስዳል።

መጀመሪያ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። ከአላማጣ እስከ ቆቦ ያለው የራያ ቆላ በምዕራብ በደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት የታጠረ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ዋጃ መሐሉ ላይ ተቀምጣለች። በክረምት ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሽላውና ጤፉ ማሳ ይመራል፤ በበጋ ያው የጎርፍ መንገድ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ሜዳው ለሳይክል የተሠራ ይመስላል፤ አሸዋውና የግራር እሾሁ ደግሞ ሳይክል ይፈትናሉ። ተራራ ለመውጣት የተሠራ ባለ ብዙ ማርሽ ሳይክል እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?

መንገዱን ያመጣው ጦርነት ነው። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ጣሊያኖች ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የመኪና መንገድ ሠሩ፤ ከማይጨው ኮረም፣ በግራካሶ ጠመዝማዛ ቁልቁል አላማጣ፣ ከዚያ ሜዳውን ሰንጥቆ ቆቦ፣ ወልድያ፣ ደሴ። ከመንገዱ ጋር ቃላትም መጡ። ዛሬ አንድ ሳይክል ጠጋኝ አፉን በከፈተ ቁጥር ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካቴና፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪያ፣ ፓራፋንጎ፣ ፖምፓ፣ ዳዶ። እሱ ራሱ ጎሚስታ ይባላል። «ብስክሌት» የሚለው ቃልም ከዚያው ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ሥራ ስላገኙ ቀሩ።

ሳይክሉ በቅኝ ገዥዎቹ እጅ የነጭ መዝናኛ ነበር። አሥመራ ውስጥ ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዳይወዳደሩ ተከልክለው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1939 አብረው እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ ነው። «አፍሪካዊ አይችልም» የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ፈረሰ። ከዚያ አሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሯት። ከነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይም ተሳትፏል፤ ያ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነውና ብስክሌተኞቹን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ድረስ ስድሳ ዓመት አለፈ።

ብዙዎች «ማርሽ የሌለው ሳይክል የድሃ ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት የራሱን የቱር ደ ፍራንስን ታሪክ ስለማያውቁ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር በተወዳዳሪዎቹ ሳይክል ላይ ማርሽ መቀያየሪያ አልነበረም፤ አዘጋጁ ኦንሪ ዴግራንዥ ለዋና ተወዳዳሪዎች እስከ 1937 ድረስ አልፈቀደውም። ታዲያ ዳገት ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር? የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሶች ነበሩት። ተወዳዳሪው ዳገቱ ሥር ይወርዳል፣ ዳዶውን ያላላል፣ ጎማውን ገልብጦ ትልቁን ጥርስ ወደ ካቴናው ያዞራል፣ አጥብቆ ይወጣል። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1927 በበረዶ መሐል ጣቱ ደንዝዞ ዳዶው አልላላ ስላለው ውድድር እንደተሸነፈ፣ ከዚያም በአንድ እጅ የሚፈታውን የጎማ ማጥበቂያ እንደፈጠረ ይተረካል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ መነሻ ይህ ነው።

ባለ አንድ ማርሽ ሲባልም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የኋላ ጥርሱ ከጎማው ጋር የተቆለፈ ነው፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ እግር ማሳረፍ የለም። ሁለተኛው ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻ እንዲዞር የሚፈቅደው ነው። የመጀመሪያው የዙር መወዳደሪያ ሜዳ መሣሪያ ነው፤ በኋላ የኒውዮርክ ፖስታ አድራሾች ወሰዱት፣ ከእነሱም የሀብታም ወጣቶች ፋሽን ሆነ፤ ለአንዱ ሳይክል የሚወጣው ገንዘብ እዚህ በሬ ይገዛል። ለዋጃ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። የተቆለፈውን ይዞ ከኮረም በግራካሶ መውረድ እግርን ለፔዳሉ አሳልፎ መስጠት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሜዳ አንድ ሳይክል ቢገጣጠም ከየት ይጀመራል? ከቴላዮ። የኋላው ጎማ የሚገባበት ክፍተት ወደ ጎን የተኛ መሆን አለበት፤ ካቴናው ሲላላ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማጥበቅ የሚቻለው ያኔ ነው። ክፍተቱ ቁልቁል የሆነ የዘመኑ ቴላዮ ካቴና መወጠሪያ ካልተጨመረለት አይሆንም። የእንግሊዞቹ ራሌይ፣ በኋላም የቻይናው ፊኒክስና የህንዱ ሂሮ ይህን ያውቁ ነበር። በአፍሪካና በእስያ ገጠር የነገሡት ወፍራም ብረት፣ 28 ቁጥር ጎማና በብረት ዘንግ የሚሠራ ፍሬን ይዘው ነው። ብረቱ ቢሰበር ማንኛውም በያጅ ይበይደዋል፤ አሉሚኒየም ግን የተለየ መሣሪያና ሙያ ይጠይቃል። ከላይ አግዳሚ ብረት የሌለው ቴላዮ ደግሞ ቀሚስ ለለበሰች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ቢሆን በ28 ቁጥር ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር የሚመታ ሰው በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለባዶ ሰው በሜዳ ይህ ደስ ይላል። ኋላ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታሰረ፣ ወይም ነፋስ ከፊት ከመጣ፣ ጉልበት ያልቃል። የኋላውን 22 ማድረግ አንዱን ዙር ወደ 4.4 ሜትር ያወርደዋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ጉልበት ግን ይተርፋል። ሞዞው በሁለቱም ጎን ጥርስ የሚቀበል ከሆነ 18ቱን በአንድ በኩል፣ 22ቱን በሌላው ማሰር ይቻላል። የአልፕስ ተወዳዳሪዎች ዘዴ ለዋጃ ጭነት ይሠራል ማለት ነው።

የቀረው ጥንቃቄ ነው። የፊቱና የኋላው ጥርስ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልዋሉ ካቴናው ይጮኻል፣ ይወልቃል። ካቴናው ራሱ ሰፊው ዓይነት ይሁን፤ ለባለ ብዙ ማርሽ የሚሠራው ቀጭን ነው፣ ሰፊ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። መሐሉን በጣት ሲነኩት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይ ወደ ታች ቢጫወት ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ዘይት ሲበዛ የጎርፉን አሸዋ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ቀብቶ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል። ለጭነት ኋላ 40 ሽቦ ያለው ቸርኬ ይመረጣል። ጎማ ላይ መቆጠብ ደግሞ ለእሾህ መገበር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጭ መምጣት ያለበት ጥቂት ነው። በጦርነቱ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክና መብራት ሲጠፋ፣ ከሩቅ በሚመጣ ዕቃ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ምን እንደሚሆን ራያ አይቶታል። ነዳጅም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ለገጠር ሰው እየራቀ ሄደ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ከቆቦ ገበያ ማሽላ ሸጦ ለሚመለስ ገበሬ ያ ወሬ የሌላ አገር ወሬ ነው።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማትም የሳይክል መስመሮች ተሠርተዋል። አስገራሚው ነገር መስመሩ በብዛት የተነጠፈው እንጦጦን ተደግፋ ዳገት በበዛባት ከተማ መሆኑ ነው። ባሕር ዳርን የመሰሉ ሜዳማ ከተሞች ማንም ሳያዛቸው በሳይክል ኖረዋል። በዋጃና በቆቦ መካከል ደግሞ ሳይክል ነጂው ያንኑ አንድ ዋና መንገድ ከአይሱዙና ከተሳቢ ጋር ይጋፋል፤ ጡሩምባ ሲሰማ ወደ አሸዋው ይወርዳል፣ መኪናው ሲያልፍ ይመለሳል።