ሰባቱ ባዶ ልብሶች
ስለ ኢዲት ኔስቢት «የተደገመበት ግንብ»

ለሕፃናት ተብለው ከተጻፉ መጻሕፍት መካከል አዋቂውንም ከልብ የሚያስቁ ጥቂቶች ናቸው። ሳቁ ገና ከአንባቢው ከንፈር ሳይወርድ ፀጉር የሚያቆም ድንጋጤ የሚያስከትሉ ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂት ናቸው። እንግሊዛዊቷ ደራሲት ኢዲት ኔስቢት በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመችው «የተደገመበት ግንብ» የተሰኘ ልብ ወለድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ታሪኩ አስቀድሞ «ስትራንድ» በተባለው ወርኃዊ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ቆይቶ ኋላ በመጽሐፍ መልክ ታተመ፤ ሥዕሎቹንም የሣለው የደራሲዋ የዘወትር ባልደረባ ኤች. አር. ሚላር ነበር።

ድግምት ስላደረበት ቤት የሚተርክ ተረት በየአገሩ ሞልቷል። የኔስቢት ግንብ ከእነዚያ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር ፈጽሞ የማይረሳ በመሆኑ ነው፤ ይኸውም ቤት ባለቤት እንዳለው፣ የሚጠርገው ሰው እንዳለው፣ የሚበላውም ወጪ እንዳለው ነው። ምትሐቱ የሚመጣው ከደመና አይደለም። ከግምጃ ቤቱ መሳቢያ ነው፤ ቁልፉም ያለው በጌታው ሳይሆን በሠራተኛዋ እጅ ነው።

ጄራልድና ጂሚ የተባሉት ወንድማማቾች፣ ከእኅታቸው ከካትሊን ጋር፣ የዕረፍት ጊዜያቸውን በቤታቸው ሊያሳልፉ አልቻሉም፤ አንድ ዘመዳቸው ኩፍኝ ይዞታል። ስለዚህ በካትሊን ትምህርት ቤት ከአንዲት ፈረንሳዊት መምህርት ጋር ይሰነብታሉ። ዋሻ እንፈልጋለን ብለው ሲዞሩ ያልዲንግ ታወርስ ወደሚባል ታላቅ ግንብ የአትክልት ቦታ የሚያደርስ ስውር መንገድ ያገኛሉ። ሐውልቶች፣ ሐይቅ፣ የአማልክት መቅደስ መሳይ ቤቶች፣ በቁጥቋጦ አጥር የተጠላለፈ መንገድ፣ በመካከሉም እንቅልፍ የወሰዳት ልዕልት። ጂሚ ስሞ ይቀሰቅሳታል፤ ልዕልቲቱም መቶ ዓመት እንደተኛች በኩራት ታስታውቃለች። ውላ ሳታድር ግን ማንነቷ ይገለጣል። ሜብል ትባላለች፤ የግንቡ የቤት አስተዳዳሪ የእኅት ልጅ ናት።

ሜብል ውሸቷን ለማስረዘም ከግምጃ ቤቱ አንድ ቀለበት አንሥታ «ይህ ሰውን የማይታይ የሚያደርግ ነው» ትላለች፤ አጥልቃውም እውነት ሆኖ ትሰወራለች። ከሁሉ አስቀድማ የምትደነግጠው ራሷ ናት። የመጽሐፉ ሕግ እዚህ ላይ ይታያል፤ ቀለበቱ ያጠለቀው ሰው «ነው» ያለውን ይሆናል። ይህ ሕግ ለገጣሚም ለተዋናይም እንግዳ አይደለም። ያልነበረውን «አለ» ማለት፣ ካሉ በኋላ ደግሞ ለተናገሩት ዕዳ መክፈል፣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሥራ ነውና።

የማይታይ ሰው ታሪክ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። የኔስቢት ወዳጅ ኤች. ጂ. ዌልስ «የማይታየው ሰው» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያወጣው በ1897 ነው። የዌልስ ሰው የሳይንስ ሊቅ ነው፤ መጨረሻውም ጥፋት ነው። የኔስቢት የማትታይ ልጅ ግን ርቧታል። ቅቤ የተቀባ ዳቦ በአየር ላይ ሲንሳፈፍና በጉርሻ በጉርሻ ሲጠፋ ይታያል፤ አካሏ ቢሰወርም ጥላዋ መሬት ላይ አብሯት ይሄዳል። ጄራልድም ይህን ገቢ ማግኛ አድርጎ በገበያ ቦታ የምትሐት ትርዒት ያሳይባታል። ከዚህ ሁሉ ሳቅ ሥር ደራሲዋ አንድ መራራ ነገር ቀብራለች። አክስቲቱ የልጅቱን መጥፋት ስትሰማ አታዝንም፤ ቀለበቱ የሚወዱንን ሰዎች ስለ እኛ ደንታ ቢስ ያደርጋቸዋል። ኔስቢት ይህን በጥቂት መስመር ጠቅሳ ታልፈዋለች፤ የሚወጋውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጽሐፉ ልብ ግን አንድ ተውኔት የሚታይበት ምዕራፍ ነው። ልጆቹ «ቆንጆይቱና አውሬው» የተሰኘውን ተረት ለመምህርቷና ለቤት ሠራተኛዋ ለኢላይዛ ሊያሳዩ ያስባሉ። ሁለት ተመልካች ብቻ! ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ሲሉ ሰባት ሰው መሳይ ነገሮች ይሠራሉ። አከርካሪያቸው የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ትከሻቸው የልብስ መስቀያ፤ እጅና እግራቸው ጃንጥላና የሆኪ ዱላ (የአገራችንን የገና ዱላ የሚመስለው ማለት ነው)፤ ሆዳቸው ትራስና የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፤ ጓንታቸው በመሐረብ የተሞላ፤ ፊታቸው በቀለም የተሣለ ወረቀት። በላዩ ላይ ካፖርትና ባርኔጣ። ልጆቹ «አግሊ-ውግሊ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ የእኛ ልጆች «ዳቦ ማቦ» እንደሚሉት፣ «አስቀያሚ» የሚለውን ቃል በመድገምና በማጣመም የተገኘ ስም ነው።

ትርዒቱ ይጀመራል። ጭብጨባው የሁለት ሰው ጭብጨባ ነው፤ ይቀጥናል። ሜብል በመድረኩ ሥራ መካከል፣ ቀለበቱ የምኞት ቀለበት መሆኑ በተነገረበት ሰዓት፣ እነዚያ ፍጥረቶች ሕይወት ቢኖራቸውና ቢያጨበጭቡ ስትል ትመኛለች። ወዲያው ከኋላ ወንበሮች፣ ጥጥ በጥጥ ላይ እንደሚመታ ያለ፣ የታፈነ የጓንት ጭብጨባ ይሰማል።

ተውኔት የጻፈ ወይም በመድረክ የቆመ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ ከሌላው አንባቢ የበለጠ ይንዘፈዘፋል። ከመድረክ በስተጀርባ ያለ ሰው ሁሉ ተመልካች እንዲበዛለት ተመኝቷል፤ የመጣው ተመልካች ከልብሱ በታች ምንም የሌለው ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ኔስቢት በዚህ አታበቃም። ሰባቱ ተነሥተው ወደ መተላለፊያው ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው እጅግ ጨዋ የሚመስለው ወደ ጄራልድ ቀርቦ አንድ ነገር ይጠይቃል። ላንቃ ስለሌለው ቃሉ ተነባቢ የለውም፤ ድምፁ አናባቢ ብቻ ነው። ጄራልድ ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ ጥያቄው ይገባዋል፤ ሰውየው የሚፈልገው ጥሩ ሆቴል ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ይስቃል፤ ሲስቅም ጀርባው ይቀዘቅዛል። ጭራቅ ቢሆን ኖሮ ይበላናል ብለን እንሸሽ ነበር። ይህ ግን በትሕትና የተሞላ፣ ሥርዓት የሚያውቅ፣ ደህና መኝታ የሚሻ ባዶ ካፖርት ነው።

የዚህ ፍርሃት ምንጭ ከደራሲዋ ልጅነት ሳይቀዳ አልቀረም። ኔስቢት የተወለደችው በ1858 በለንደን ነው። የግብርና ኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው አባቷ በ1862 ሞተ፤ እናቷም ለታማሚዋ ታላቅ እኅት የሚስማማ አየር ፍለጋ ልጆቿን ይዛ በፈረንሳይ ከከተማ ከተማ ስትዞር ኖረች። በቦርዶ ከተማ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ ምድር ቤት የደረቁ ሬሳዎች በግድግዳው ዙሪያ ቆመው ያየችው በዚህ ጊዜ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ትምህርት ዘመኗ በጻፈችው ማስታወሻ፣ ይህ ትርኢት የልጅነት ሌሊቶቿን እንዴት እንዳወከባት በዝርዝር ተርካለች። እንደ ሰው ቆሞ ሰው ያልሆነ ነገር ምን እንደሚመስል የተማረችው ከመጽሐፍ አልነበረም።

ለባዶው ካፖርት ባርኔጣ ያስደፋችለት ግን የጎልማሳነት ዘመኗ ነው። በ1880 ሂዩበርት ብላንድን አገባች። የባሏ ንግድ ከሰረ፤ እሱም ፈንጣጣ ይዞት ተኛ፤ ቤተሰቡን የመገበው የእሷ ብዕርና ለበዓል ካርዶች የምትቀባው ቀለም ነበር። በ1884 ባልና ሚስቱ የፌቢያን ማኅበር ከተባለው የእንግሊዝ ሶሻሊስቶች ስብስብ መሥራቾች መካከል ሆኑ፤ ብላንድ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበር። በኅብረት የጻፏቸውን ልብ ወለዶች «ፌቢያን ብላንድ» በሚል ስም አወጡ፤ በ1885 የተወለደውን ልጃቸውንም ፌቢያን አሉት። ኔስቢት በየገናው ለዴትፎርድ ሠፈር ድሆች ሕፃናት ግብዣ ታዘጋጅና ተውኔት ትጽፍ ነበር። አልባሳት የመስፋቱን፣ ጥቂት ዕቃ ይዞ ብዙ የማስመሰሉን ጥበብ ታውቀዋለች። ስለዚህ የሰባቱ ካፖርቶች አሠራር የታየና የተሠራበት እንጂ በምናብ ብቻ የተፈጠረ አይመስልም።

ከ1899 ጀምሮ የኖረችበት ዌል ሆል፣ በኤልተም የሚገኝ፣ ውኃ የተሞላ ቦይ የከበበው ሰፊ አሮጌ ቤት ነበር። በርናርድ ሾውም ዌልስም የሚመጡበት፣ እንግዳ የማይታጣበት ቤት ሆነ። ይሁን እንጂ በ1900 ልጇ ፌቢያን፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ቀላል የተባለ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከማደንዘዣው ሳይነቃ ቀረ። በሳቅ የተሞሉት ታላላቅ የሕፃናት መጻሕፍቷ፣ «አምስቱ ልጆችና እሱ» (1902)፣ «ፊኒክሱና ምንጣፉ» (1904)፣ «የባቡር ሐዲዱ ልጆች» (1906)፣ ሁሉም ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቤት የተጻፉ ናቸው። ግንቡን የማያሻማ የደስታ ቦታ አድርጋ ብትሥለው ኖሮ ይደንቅ ነበር።

ሶሻሊስትነቷ በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ ስለቶ የሚታየው በለንደን ነው። ጂሚ ሀብታም መሆንን ይመኛል፤ በወንድሙ ዓይን ፊት እያረጀ፣ እየወፈረ፣ እየተኮሳተረ ይሄዳል። ወንድሙንም አያውቀውም። ከዚያ ጨዋው አግሊ-ውግሊ ጋር በባቡር ተሳፍሮ «ሲቲ» ወደሚባለው የገንዘብ ነጋዴዎች ሠፈር ይሄዳል። ጄራልድ ተከትሎ ሲያጠያይቅ ሁለቱም ቢሮ፣ ጸሐፊ፣ ስምና ዝና እንዳላቸው ይሰማል፤ ሠራተኞቹ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቋቸው ናቸው። ከመጥረጊያና ከጃንጥላ የተሠራ ፍጡር በአክሲዮን ገበያ ተቀምጦ ሲነግድ ማንም የጎደለበትን ነገር ልብ አላለም። ብዙ የፖለቲካ መጣጥፍ ይህን ያህል አልቆረጠም።

በአንጻሩ የኢላይዛ ሥዕል ያስከፋል። ቀለበቱ በእሷ እጅ ሲገባም ደራሲዋ የምታየው አነጋገሯን፣ ድንጋጤዋንና ከወጣት ወዳጇ ጋር ያላትን ነገር ለሳቅ በማቅረብ ነው። ለሠራተኛው መደብ በስብሰባ የተከራከረች ሴት፣ ምግብ የምታቀርበዋን ልጅ ከማሳቂያነት አላሳለፈቻትም። ሜብል ከዚህ የዳነችው ንግግሯ እንደ ልጆቹ ንግግር ስለሆነ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም የግንቡን ምሥጢር ሁሉ የምታውቀው እሷ መሆኗ አይካድም፤ ጌታው ሎርድ ያልዲንግ ደሃ ፈረንሳዊት በመውደዱ ውርሱን የተነፈገ፣ በገዛ ርስቱ ላይ ማንነቱን ደብቆ እንደ ተራ የርስት ጠባቂ የሚዘዋወር ሰው ነው።

በጨረቃ ብርሃን የእብነ በረድ ሐውልቶች ሕይወት የሚዘሩበት፣ ልጆቹም ከግሪክ አማልክት ጋር ማዕድ የሚቀርቡበት ክፍል በብዙዎች ዘንድ ይወደሳል። እውነቱን ለመናገር ጣፋጭነቱ ይበዛል። ከአማልክቱ ይልቅ የሚታመነው በአትክልቱ ውስጥ ያለው የድንጋይ ዳይኖሰር ነው፤ ሆዱ ባዶ ነው፤ ካትሊንም በውስጡ እንዳለች ይንቀሳቀሳል። በ1854 በለንደን ደቡብ፣ በሲደንሃም፣ ለክሪስታል ፓላስ የቆሙትን መሰል ምስሎች የዚያ ዘመን የለንደን ልጅ ሁሉ ያውቃቸው ነበር።

መጨረሻው ዋጋ የሚከፈልበት ነው። መምህርቷ ያቺው የሎርድ ያልዲንግ የቀድሞ ፍቅረኛ ሆና ትገኛለች፤ የመጨረሻውንም ምኞት የምትመኘው እሷ ናት፤ ቀለበቱ የሠራው ድግምት ሁሉ ይፈታ፤ እሱም ከእንግዲህ ተራ የጋብቻ ቀለበት ይሁን። በድግምት የቆመው ሁሉ ይጠፋል። ቤቱ ለባላባቱ መመለሱ የፌቢያን ማኅበር አባል ከሆነች ደራሲት ባይጠበቅም፣ ወጪው ግን በግልጽ ተጽፏል፤ ባልና ሚስቱ የሚኖሩት በቀረው ውስጥ ነው። ከዚያም ኔስቢት ወደ አንባቢዋ ዞር ብላ፣ ታሪኩ ውሸት ነው የሚል ካለ ለአንድ የጋዜጣ ወሬ መልስ እንዲሰጥ ትጠይቃለች። በሲቲ የታወቁት ሚስተር ዩ. ደብልዩ. አግሊ ድንገት ተሰውረዋል፤ ከእሳቸው የተገኘው የልብስና የዕቃ ክምር ብቻ ነው።

ዌል ሆልም አልቆየላትም። ብላንድ በ1914 ሞተ፤ የመጽሐፎቿ ገቢ ቀነሰ፤ በ1917 ቶማስ ታከር የተባለ የመርከብ መሐንዲስ አግብታ ኋላ በኬንት ባሕር ዳርቻ ወደምትገኝ ሴንት ሜሪ ኢን ዘ ማርሽ የምትባል መንደር አካባቢ ተዛወረች። በ1924 ሞታ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች፤ የመቃብሯን የእንጨት ምልክት የቀረጸው ታከር ነው። ታላቁ ቤት ከእሷ በኋላ ፈርሷል፤ የቀረው የአትክልት ቦታው ነው።

በ1921 በዚያችው መንደር አንድ ወጣት ተውኔት ጸሐፊ ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ኖኤል ካወርድ። ልጅ ሳለ የኔስቢትን ታሪክ ለመግዛት ሲል የእናቱን እንግዳ የዛጎል ሐብል ሰርቆ በመያዣ ማስያዙን በኋላ ራሱ ጽፏል። አሁን ደራሲዋን ጎረቤቱ ሆና አገኛት፤ ተዋወቁም። በእንግሊዝ መድረክ ከእሱ የበለጠ የጨዋ ሰዎችን ባዶ ካፖርት ያሳቀበት ጸሐፊ ጥቂት ነው። በመጋቢት 1973 በጃማይካ ቤቱ ሲሞት ከአልጋው አጠገብ የተገኘው መጽሐፍ «የተደገመበት ግንብ» ነበር።