ግዝት፦ ከጠፋች ላም እስከ ዘውድ

አያቴ ጎጃም ውስጥ የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ስለ ግዝት የነገሩኝ አብዛኛው ስለ ላም፣ ስለ ድንበርና ስለ ማረሻ ነው። ላሙ የጠፋችበት ሰው ከዳኛ በፊት ወደ ቄሱ ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይቆሙና የወሰደ፣ የሸሸገ፣ አይቶም ዝም ያለ ግዝት ይሁን ይላሉ። ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሌባ አንዴ ከሰረቀ ወዲያ ምን ይፈራል? አይቶ ዝም ያለው ጎረቤት ግን እንቅልፍ ያጣል፤ ሲመሽ ተደብቆ ይመጣና ያየውን ተናግሮ «ይፍቱኝ አባቴ» ይላል። ፖሊስ ባልደረሰበት አገር ምርመራ የሚባለው ይኸው ነበር።

ሥራም በግዝት ይታሰራል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር፣ እንዲሁም በሰንበት በሬ አይጠመድም። ዝናብ እያመለጠው በሬውን ፈትቶ የሚቀመጥ ገበሬ ሃይማኖቱን የሚያውቀው በትከሻው ነው።

ቤተ መንግሥቱም በዚሁ ገመድ ይጠቀም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያሳውጁ፣ ቃሉን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ እንዲወልድ ተረገመ። መኳንንቱም ማሉ። ሰባት ዓመት ቆይቶ እነዚያው መኳንንት ኢያሱን ማውረድ ሲፈልጉ የገዛ መሐላቸው ጋረጣቸው። መፍቻው በግብፃዊው ጳጳስ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ነበር። አቡኑ መጀመሪያ አመነቱ፤ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ፈቱ። ከወር በኋላ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

ኢያሱ መውረዱ ተገቢ ነበር አልነበረም፣ ለሌሎች ልተወው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ የላም ሌባውን ጎረቤት እንቅልፍ የሚያሳጣው ቃል ለመኳንንት ሲሆን በአንድ ቀን ተፈታ። ባላገሩ ይህን ሳያስተውል የቀረ አይመስለኝም።

የግዝትን ክብደት የመለሱለት፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ለጠላት የሚገዛ ሰው ቀርቶ ምድሪቱም እንዳትገዛ አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በኢጣሊያ ጥይት ተገደሉ። ያን ግዝት ማንም ሊፈታው አልቻለም፤ የገዘቱት ዋጋውን ከፍለውበታልና።

ኢጣሊያ በ1930 ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ነጥሎ አቡነ አብርሃምን በላይዋ ሾመ። አቡነ አብርሃምና አቡነ ጴጥሮስ በ1921 አብረው ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ናቸው፤ አቡነ አብርሃም እንዲያውም የጎጃም ጳጳስ ነበሩ። እስክንድርያ አወገዘቻቸው። ነገሩ ለገጠር ቄስ የሩቅ ወሬ አልነበረም፤ በየቅዳሴው የጳጳሱ ስም ይጠራልና።

አያቴን የማንን ስም ይጠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ጭራቸውን ወዝውዘው ሳቁ። «ባንዳ ከቆመ አብርሃምን እጠራለሁ፤ ባንዳ ከሌለ ስሙን ውጬ አልፋለሁ» አሉኝ። ሌሊት ደግሞ በረሃ ወርደው አርበኞቹን ያናዝዙ ነበር።